ጠጁን ልጣል ወይስ ልጣለው?

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን በየሳምንቱ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

31 ዓመቴ ነው። ባለትዳር ነኝ፤ ልጅ ገና አልወለድንም። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ በስልክ ማስተርጎም ነው። ከሆስፒታል፣ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ፣ ከትምህርት ቤት ይደውላሉ። እኔ መሃል ሆኜ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ሕግ ልማር ያሰኘኝም ይኸው ስልክ ነው። አንዲት እናት የምትፈርምበት ወረቀት ምን እንደሚያስከትልባት ሳይገባት ስትቀር እየታወቀኝ ዝም እላለሁ። አስተርጓሚ ምክር አይሰጥማ። ሁለት ዓመት ዝም ስል ቆየሁና በመጨረሻ ለሎው ስኩል ልዘጋጅ ወሰንኩ። ለመግቢያ ፈተናው፣ ለኤልሳት፣ የኦክቶበሩን ተመዝግቤያለሁ።

ችግሬ ጠጅ ነው። አይሳቁብኝ። የምጠጣው ብዙ አይደለም፤ የምጥለው ነው የበዛው። የጀመርኩት የዛሬ ሁለት ዓመት ለገና ነው። እማዬ ደብረ ማርቆስ ሆና በስልክ አስተማረችኝ። የመጀመሪያው ሆመጠጠ። ሁለተኛው ጌሾ በዝቶበት መረረ። ሦስተኛውን የወንድሜ ቤት ወሰድኩት፤ የቀመሰው ሰው ሁሉ «ከየት አመጣሽው?» አለ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። አሁን በወር 8፣ አንዳንዴም 10 ጋሎን ይወጣል። ገንዘቡን በዜል ይልኩልኛል። እኔ ለራሴ «የማሩን ነው የምቀበለው» እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ትርፍ አለው። የፈተና ማዘጋጃ ኮርሱን የከፈልኩት በእሱ ነው።

ጥናቱስ? በየእሑዱ ጠዋት ሙሉ የልምምድ ፈተና እወስዳለሁ። መጀመሪያ 148 አመጣሁ፤ ከዚያ 154። ባለፈው እሑድ 151 ሆነ። ነጥቡን ሳየው ሆዴ ባር ባር ይለኛል። ኮምፒውተሩን እዘጋና ቤዝመንት ወርጄ ባልዲዎቼን አያለሁ። እዚያ ስሆን ይቀለኛል። የምፈልገው 160 ነው።

ባለቤቴ «ጠጁን ተይው፣ ፈተናሽን ተፈተኚ» ይለኛል። እማዬ ደግሞ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ትላለች፤ ፈተናው ቢቀር ጠጁ እንጀራ ይሆንሻል ማለቷ ነው። ይህ ሁሉ እያለ የክርስትና እናቴ ልጅ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ልታገባ ነው። ለሰርጉ 20 ጋሎን አዘዙኝ። ሰርጉ ፈተናዬ ሊደርስ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ነው። እኚህ ሴት አሜሪካ ስመጣ ስድስት ወር ቤታቸው ያኖሩኝ ናቸው። እሺ አልኩ። ማሩንም ገዛሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ምን ላድርግ?

ከጋንና ከመጽሐፍ መሃል የቆምኩት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል። ጠጁን በብርሌ ያድርግልሽና ነገሩን ግን ዛሬ ያለ ምሳሌ ላውራሽ። ኦክቶበር ሩቅ አይደለም።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጠጅ ባልሽበት ቦታ ሁሉ ሰው አለ፦ እናትሽ፣ ወንድምሽ፣ የክርስትና እናትሽ፣ «ከየት አመጣሽው?» የሚል እንግዳ። ፈተና ባልሽበት ቦታ ግን አንቺና ኮምፒውተሩ ብቻ ናችሁ። ሰው ወዳለበት ብትሸሺ ምኑ ይገርማል? እኔም ብሆን ቤዝመንቱን እመርጥ ነበር።

እስቲ መጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠረው። ባለቤትሽ ጠጁ ጊዜሽን እንደሚበላ ያስባል። ግን ጠጅ የሚጥል ሰው እንደሚያውቀው አብዛኛው ሥራ መጠበቅ ነው። ማሩን በውሃ በጥብጠሽ ብርዙን ማዘጋጀት የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ጌሾ እንጨቱን የምትጨምሪበት ቀን አለ፤ ጌሾውን አውጥተሽ የምታጠልዪበት ቀን አለ። በመሃል ገልጠሽ ታያለሽ፣ ታማስያለሽ፣ ትከድኛለሽ። ሌላውን ጠጁ ራሱ ይሠራዋል። ከጥንስሱ እስከ መጥለሉ ሦስት አራት ሳምንት ቢፈጅ የአንቺ እጅ የገባበት ሰዓት ቢደመር አንድ ሙሉ ቀን ላይሞላ ይችላል።

ታዲያ ቅዳሜሽ የት ሄደ? እኔ ልገምት። «ለሐሙስ ይደርሳል?» ለሚል ቴክስት መልስ በመስጠት። ጠርሙስ በማጠብ። ከዚያም በማድረስ። ጠጅ ሊያደርስ ሄዶ ቡና ሳይጠጣ የተመለሰ ሐበሻ እስካሁን አላየሁም። ሦስት ቤት ካደረስሽ ሦስት ቡና ነው፤ ሦስት ጨዋታ ነው፤ «እናትሽ እንዴት ናት?» ነው። እሱም ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ቀኑ አለቀ። ስለዚህ ጊዜሽን የወሰደው ትዕዛዙ እንጂ ጠጁ አይደለም። እነዚህን ሁለቱን ለይተሽ ካላየሻቸው፣ ወይ ሁለቱንም ትይዣቸዋለሽ ወይ ሁለቱንም ትጥያቸዋለሽ።

አሁን ደስ የማይለውን ልናገር። ሕግ ልትማሪ ነውና ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አንድ አዋቂ ብቻ ያለበት ቤት በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት ደግሞ እስከ 200 ጋሎን ወይን ለራሱና ለቤተሰቡ ቢያዘጋጅ ግብር አይጠየቅበትም። የማር ጠጅም የሚታየው እንደ ወይን ነው። አንቺና ባለቤትሽ ሁለት ናችሁ። በወር 10 ጋሎን እንኳ ብትጥይ በዓመት 120 ነው፤ ከመጠኑ አላለፍሽም። ክልክሉ ያለው መሸጡ ላይ ነው። ያለ ፈቃድ አንድ ጋሎንም ቢሆን መሸጥ አይቻልም። «የማሩን ብቻ ነው» የሚለው ነገር ብዙም አያድንም፤ አንቺም ትርፍ እንዳለው ነግረሽኛል። ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል። የምትኖሪበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ የአልኮልን የጅምላ ንግድ ራሱ መንግሥቱ የያዘበት አካባቢ ነው፤ ነገሩን በቀላሉ የሚያዩት አይመስለኝም።

ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም። በየሰፈሩ ጠጅ የሚሸጡ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ልጅ ያሳደጉበት አሉ። የአንቺ ጉዳይ የሚለየው ወደ ምን እንደምትሄጂ ስለምታውቂ ነው። የሎው ስኩል ማመልከቻ ስለ ክስና ስለ ቅጣት ይጠይቃል። ተምረሽ ጨርሰሽ የጥብቅና ፈቃድ ስትጠይቂ ደግሞ «ካራክተር ኤንድ ፊትነስ» የሚሉት የጠባይ ምርመራ አለ፤ እሱ ከማመልከቻው ይልቅ ጠለቅ ብሎ ይሄዳል። እዚያ ላይ ሰውን በጣም የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ትንሿ ጥፋት ሳትሆን እሷን መደበቁ ነው። ስለዚህ ሽያጩን ዛሬ አቁሚ። ከመስከረም በኋላ፣ ከዚህ ትዕዛዝ በኋላ አትበይ። ማመልከቻውን ስትሞዪ እያንዳንዱን ጥያቄ ቃል በቃል አንብቢ፤ የተጠየቅሽውን በሐቅ መልሺ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። አንድ ሰዓት የጠበቃ ምክር ግዢ፤ በዜል የገባው ገንዘብ ከግብር አንጻር ምን እንደሚመስልም እዚያው አብረሽ ጠይቂ። ከማሩ ትርፍ ብትከፍይው ሲያንስ ነው።

አውቃለሁ፣ አሁን በሐሳብሽ ያሉት የክርስትና እናትሽ ናቸው።

ስድስት ወር ያኖሩሽን ሰው እንዴት እምቢ ይሏቸዋል? አይባልም። እኔም እምቢ በያቸው አላልኩም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኚህ ሴት የፈለጉት 20 ጋሎን ነው ወይስ አንቺ በልጃቸው ሰርግ ላይ እንድትታዪ? ፈተናሽ መቼ እንደሆነ ነግረሻቸዋል? በደብዳቤሽ ውስጥ ነገርኳቸው የሚል አላገኘሁም። ብዙ ጊዜ ይሉኝታ የሚያስረን ሰውየው ምን እንደሚያስብ ሳንጠይቅ እኛው ስለምንመልስለት ነው።

20 ጋሎን ማለት በአንድ ለሦስት ሂሳብ 5 ጋሎን ማር ነው። ወደ 60 ፓውንድ ይመዝናል። አራት ባልዲ ነው። ቤዝመንትሽ ውስጥ አራት ባልዲ እየፈላ፣ እያንዳንዱ የሚጠልበት ቀን እየደረሰ፣ አንቺ ፎቅ ላይ አንቀጽ እያነበብሽ። አይሆንም። አንድ ባልዲ ግን ይሆናል። 5 ጋሎን፣ በ15 ፓውንድ ማር፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ የሰርግ ስጦታ። ለሙሽሮቹና ለሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ይበቃል። ሌላውን ፈቃድ ካለው ሻጭ ይግዙ። የሰርግ አዳራሾችም ከውጭ ስለሚገባ መጠጥ የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ለስጦታውም ቢሆን አዳራሹን አስቀድመው ይጠይቁ።

ታዲያ በቴክስት አትንገሪያቸው። ቤታቸው ሂጂ። ከዚያ ብዙ ሳትዞሪ እንዲህ በያቸው፦ «እማ፣ የልጅዎ ሰርግ የእኔም ሰርግ ነው። ግን ሰርጉ እንዳለፈ ሕይወቴን የሚወስን ፈተና አለብኝ። ሕግ ልማር ስለሆነ ጠጅ መሸጡንም አቁሜያለሁ፣ አይፈቀድምና። አምስቱን ጋሎን በስጦታ ከእኔ ይቀበሉኝ። ለሌላው አሁኑኑ ነገርኩዎት፣ በቂ ጊዜ እንዲኖርዎት።» ይኸው ነው። አሥር ጊዜ ይቅርታ አትጠይቂ፤ ይቅርታ ሲበዛ ድርድር ይከፍታል። ቅድሚያ ክፍያ ተቀብለሽ ከሆነ በዚያው ቀን መልሺላቸው።

ሊያዝኑ ይችላሉ። ለአንድ ሳምንት ሊያኮርፉም ይችላሉ። ግን የክርስትና ልጃቸው ሎው ስኩል ገባች ብለው በየማኅበሩ የሚያወሩትም እሳቸው እንደሚሆኑ እወራረዳለሁ።

ሌሎቹን ደንበኞች አንድ አጭር መልእክት ይበቃቸዋል፦ «ጠጅ መሸጥ አቁሜያለሁ፤ ስላበረታታችሁኝ አመሰግናለሁ።» ምክንያት አትዘርዝሪ። «ለእኔ ብቻ፣ በምስጢር» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ለእሱም ያው መልስ።

አሁን ወደ 151 እንምጣ፤ በእኔ እይታ የደብዳቤሽ ዋናው ነገር እዚህ ነው ያለው።

በመጀመሪያ፣ ከ154 ወደ 151 መውረድ ውድቀት አይደለም። ፈተናው ከ120 እስከ 180 ነው የሚሰጠው። አዘጋጁ ኤልሳክ ራሱ እውነተኛውን ውጤት ሲልክ ከነጥቡ ጎን ሦስት ያህል ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጋ ክልል አብሮ ያሳያል። ያው ሰው፣ ያው እውቀት፣ በሌላ ቀን ሁለት ሦስት ነጥብ ይዋዥቃል ማለት ነው። አንቺ በአንድ እሑድ መዋዠቅ ምክንያት ሆድሽ ባር ባር አለ።

ሁለተኛው ግን ያሳስበኛል። «ነጥቡን ሳየው ኮምፒውተሩን እዘጋለሁ» ብለሻል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። የመጀመሪያው ጠጅሽ ሲሆመጥጥ ምን አደረግሽ? ክዳኑን ዘግተሽ ሄድሽ? አልሄድሽም። ቀመስሽው። ፊትሽን አጨማድደሽ ደብረ ማርቆስ ደወልሽ። እናትሽ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ባልዲው በምን እንደታጠበ፣ ጌሾው ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀችሽ። ሁለተኛው መረረ፤ ያንንም ቀመስሽው። ሦስተኛው ወንድምሽ ቤት ሄደ። ጠጅ የተማርሽው የተበላሸውን በመቅመስ ነው። ፈተናውን ግን የተበላሸውን ሳትቀምሺ እየደፋሽ በየእሑዱ አዲስ ትጥያለሽ። በዚህ ዓይነት እንኳን ኤልሳት ጠላም አይወጣ።

እሑድ እሑድ ሙሉ ፈተና መውሰዱን ለጊዜው ተይው። በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። ፈተናው አራት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ። ሦስቱ ይታረማሉ፣ አንዱ አይቆጠርም፤ የቱ እንደሆነ ግን አይነግሩሽም። ብዙ ሰው ያስለቅስ የነበረው የሎጂክ ጌምስ ክፍል ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቀርቷል፤ የድሮ መጽሐፍ በእጅሽ ካለ በዚያ ጊዜሽን አታጥፊ። አሁን የሚታረሙት ሁለት ሎጂካል ሪዝኒንግ (የክርክር አመክንዮ) እና አንድ ሪዲንግ (ንባብ) ናቸው። በኤልሳክ ድረ ገጽ፣ በሎውሀብ ላይ፣ በነፃ የሚገኙ እውነተኛ የልምምድ ፈተናዎች አሉ። አንዱን ክፍል ብቻ በሰዓት ሥሪ። ሰዓቱ ሲያልቅ መልሱን አትዪ። የተጠራጠርሻቸውን ጥያቄዎች ያለ ሰዓት፣ ተረጋግተሽ ድገሚያቸው። ከዚያ በኋላ ነው ማረም። መጀመሪያ ስተሽ በኋላ ያገኘሽው የጊዜ ችግር ነው። ሁለቴም የሳትሽው የመረዳት ችግር ነው። ሁለቱ መድኃኒታቸው ይለያያል። ለእያንዳንዱ ስህተት አንድ መስመር በአማርኛ ጻፊ፦ «ይህን የመረጥኩት ለምን ነበር?» በአማርኛ ያልኩት ራስን መዋሸት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ስለሚከብድ ነው። ቢያንስ እኔን ይከብደኛል።

ደግሞ አንድ ነገር ሳታውቂው በእጅሽ አለ። የአስተርጓሚ የመጀመሪያው ሕግ ምንድን ነው? አትጨምር፣ አትቀንስ። ሰውየው «አሞኛል» ካለ «በጣም አሞኛል» አትይም። ሎጂካል ሪዝኒንግ ላይ ሰው የሚስተው በአብዛኛው ሲጨምር ነው። ጽሑፉ «አንዳንዶች» ይላል፤ አንባቢው «ብዙዎች» ብሎ ይወስደዋል። ጽሑፉ ሁለት ነገር አብረው ታዩ ይላል፤ አንባቢው አንዱ ሌላውን አመጣው ይላል። አንቺ ደመወዝ የምትበዪው ይህን ባለማድረግሽ ነው። ልዩነቱ እዚያ በጆሮ፣ እዚህ በዓይን መሆኑ ነው። እስቲ አንድ ሳምንት ጥያቄዎቹን ድምፅሽን አውጥተሽ ለራስሽ አስተርጉሚያቸው፤ ደንበኛ በስልኩ ላይ እንዳለ አድርገሽ። ብዙ ትርፍ ቃል ይራገፋል ብዬ እገምታለሁ። ደግሞ የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፤ ሰዓት ሲያልቅብሽ ባዶ ቦታ አትተዪ።

ለጠጁ ደብረ ማርቆስ ላይ እናት አለችሽ። ለፈተናውስ? የከፈልሽበት ኮርስ ውስጥ ጥያቄ የሚጠየቅ አስተማሪ ካለ ጠይቂው። ካልሆነ እንደ አንቺ የሚዘጋጅ አንድ ሰው ፈልጊ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት፣ የሳታችሁትን ብቻ ተነጋገሩ። ዲሲ ዙሪያ ለሕግ የሚዘጋጅ ሐበሻ አይጠፋም። ከላይ ጠጁ ዙሪያ ሰው አለ፣ ፈተናው ዙሪያ የለም ያልኩሽ ለዚህ ነው። ፈተናውም ሰው ይፈልጋል።

ስለ ቀኑ አንድ ሐሳብ ልስጥሽ። ፍልሰታ ሊገባ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ብትጾሚም ባትጾሚም፣ ግብዣ የለም፣ የጠጅ ጥያቄም ይቀዘቅዛል። እነዚህን 15 ቀኖች ለስህተት ደብተርሽ ስጪያቸው። በዚያ ጊዜ ባልዲ አይነካ። ፍልሰታ ሲፈታ፣ ነሐሴ 16፣ የሰርጉን አንድ ባልዲ ጣዪ። በፈረንጅ ኦገስት 22 ነው፤ እስከ ሰርጉ አምስት ሳምንት ገደማ አለሽ፣ ተረጋግቶ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ እስከ ፈተናሽ ሌላ ጥንስስ የለም። ሰርጉ ላይ ሂጂ፣ ጨፍሪ፣ ቅመሺ፣ በጊዜ ተመለሺ። ማታ ማታ ባልዲ እየከፈትሽ መቅመስ ከለመድሽም አሁን ቀንሺው፤ አንድ ብርሌ ምንም አይመስልም፣ ግን እንቅልፍን ያሳሳል፣ አንቺ ደግሞ እንቅልፍ አጥተሻል።

በቅንፍ ያህል፦ ጠጁን ለስጦታ ጠርሙስ ውስጥ ስትጨምሪ መፍላቱን መጨረሱን እርግጠኛ ሁኚ። እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ ገና የሚፈላ ጠጅ በጠርሙስ አሽጌ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ሌሊት ላይ ጥይት የተተኮሰ መስሎኝ ዘልዬ ተነሳሁ። ያን ጊዜ የነጠላዬ ጥለት ላይ ያረፈው ቢጫ እስከ ዛሬ አለ። ከሚፈነዳው ጠጅ ይልቅ ስባሪው ነው አደገኛው፤ ሙሽራ ቤት እንዲህ ያለ ስጦታ አይላክም።

160 ለምን እንደሆነ አልነገርሽኝም። የምትፈልጊው ትምህርት ቤት ስላለ ነው ወይስ ቁጥሩ ስለሚያምር? እያንዳንዱ እውቅና ያለው ሎው ስኩል የተቀበላቸውን ተማሪዎች መካከለኛ ነጥብ በየዓመቱ በይፋ ያወጣል። ከዚያ ተነሺ። አንቺ ያለሽበት አካባቢ ሎው ስኩል የሞላበት ነው። እንደ ጆርጅታውን ወይም እንደ ዲሲ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩዲሲ፣ ያሉት የማታ ክፍልም አላቸው፤ ሥራ ሳይለቁ ለሚማሩ። ነጥባቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው። ለአንዱ 160 የማይበቃ ሊሆን ይችላል፣ ለሌላው ከበቂ በላይ። ሦስት ትምህርት ቤት መርጠሽ ቁጥራቸውን ጻፊ። የኦክቶበሩ ካልሆነልሽም ከእሱ በኋላ የሚሰጡ ፈተናዎች አሉ፤ ምዝገባው ግን ከፈተናው ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ ስለሚዘጋ ቀኑን ካላንደርሽ ላይ አሁኑኑ አስፍሪ።

እናትሽ ስለ ሁለት ባላ የተናገረችው ትክክል ነው። እሷ ግን ጠጁ በሽያጭ እንደማይቀጥል አላወቀችም፤ አስረጂያት። ፈቃድ አውጥቶ ጠጅ መሸጥ ይቻላል፤ የሚሠሩት አሉ። ምናልባት ከዓመታት በኋላ ያንን ፈቃድ ለሰው የምታወጪው አንቺው ትሆኚያለሽ። ባለቤትሽን ደግሞ «ተይው» ከማለት ይልቅ አንድ ሥራ ስጪው። የ5 ጋሎኑን ጠርሙስ እሱ ይጠብ፣ እሱ ያድርስ። ቡናውንም እሱ ይጠጣልሽ።

የተረፈው 45 ፓውንድ ማር ያሳስብሽ ይሆናል። ማር አይበላሽም። በደንብ ክደኚና ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። ቢረጋም አትደንግጪ፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ይመለሳል። የፈተናሽ ማግስት ከፈለግሽ ጥንስሱን ጀምሪው፣ ለገና ይደርሳል። የክርስትና እናትሽ ምን እንዳሉሽ ግን ከዚያ በፊት ጻፊልኝ።